ምዕራፍ ስድስት፦ እግር ሲከዳ፣ እጅ ሲጸና

ሬጂ ሚለር በ2004–05 ለኢንዲያና ፔሰርስ የመጨረሻውን የውድድር ዘመን ሲጫወት 39 ዓመቱ ነበር (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ከወረወራቸው ነጻ ውርወራዎች 93.3 በመቶውን አስገባ። ከኤን ቢ ኤ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ወጣ። በ18 የውድድር ዘመናት ቆይታው ከዚያ የተሻለ የነጻ ውርወራ ውጤት ኖሮት አያውቅም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው እጅ፣ ወደዚያው ቀለበት ከወረወራቸው ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች የገቡት ግን 32.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ደግሞ ከ18ቱ ዓመታት ዝቅተኛው ነው። የምናወራው በ1995 ኒው ዮርክ ላይ በ8.9 ሰከንድ ውስጥ 8 ነጥብ አስቆጥሮ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ጸጥ ስላሰኘው ሰው ነው። ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ የእንጀራው ምንጭ ነበር።

እንግዲህ ሚለር በ39 ዓመቱ መወርወር አቃተው ወይስ ከመቼውም በላይ ተካነበት? ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ኳስ የሚወረውረው እጅ ከተጫዋቹ አካል ሁሉ መጨረሻ የሚያረጅ ነው። ቀድሞ የሚያረጀው ያንን እጅ ተከላካይ ወደሌለበት ቦታ በሰዓቱ የሚያደርሰው እግር ነው። የአንድ አንጋፋ ተጫዋች የውርወራ መቶኛ ሲወርድ ስናይ እጁ የከዳው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የተጻፈው የእግሩ ታሪክ ነው።

ይህን ለማየት መጀመሪያ መለኪያዎቹን መለየት ያስፈልጋል፤ የዕድሜ ነገር በአንዱ መለኪያ ተደብቆ በሌላው ይገለጣልና። የለመድነው ተራው መቶኛ ከሙከራዎቹ ስንቱ ገባ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ከአሥር ሙከራ አምስት ባለ ሁለት ነጥብ ያስገባ ተጫዋች 50 በመቶ ይባላል፤ ለቡድኑ ያመጣው 10 ነጥብ ነው። ከአሥር ሙከራ አራት ባለ ሦስት ነጥብ ያስገባው 40 በመቶ ይባላል፤ ያመጣው ግን 12 ነጥብ ነው። ይህን ለማስተካከል ባለሙያዎች እያንዳንዱን ባለ ሦስት ነጥብ እንደ አንድ ተኩል ውርወራ ይቆጥሩታል፤ ያኔ የሁለተኛው ሰው ውጤት 60 ይሆናል። ከዚህም የሚሰፋው «እውነተኛ የውርወራ መቶኛ» የሚሉት ነው። እሱ ነጻ ውርወራዎችንም ይጨምራል፦ ተጫዋቹ ያገኘው ጠቅላላ ነጥብ ለሙከራዎቹና ለነጻ ውርወራዎቹ 0.44 እጅ ድምር እጥፍ ይካፈላል። 0.44 የሆነው አንዳንዱ ነጻ ውርወራ ከገባ ኳስ በኋላ እንደ ምርቃት ስለሚሰጥና እያንዳንዱ እንደ ግማሽ ሙከራ ስለማይቆጠር ነው። ቀመሩን ማስታወስ አያስፈልግም። ነጻ ውርወራ ማግኘትም ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑን ማስታወስ ግን ያስፈልጋል፤ ሰው ሲያረጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጣው እሱን ነውና።

ነጻ ውርወራ በቅርጫት ኳስ ውስጥ ለቤተ ሙከራ የሚቀርበው ብቸኛው ቅጽበት ነው። ከመስመሩ እስከ ሰሌዳው 4.57 ሜትር፣ ከወለሉ እስከ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ነው። ርቀቱ አይለወጥም፤ ፊት ለፊት እጁን የሚዘረጋ የለም፤ መሮጥ የለም፤ መዝለልም ግዴታ አይደለም። ተጫዋቹ ኳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነጥራል፣ ይተነፍሳል፣ ይወረውራል። የሊጉ አጠቃላይ የነጻ ውርወራ መቶኛ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ከ75 ብዙም ሳይርቅ መኖሩም የሚገርም ነው። አጨዋወቱ፣ አሠልጣኙ፣ ጫማው፣ የተጫዋቹ ቁመና ሁሉ ሲለዋወጥ ይህ ቁጥር ባለበት ቆሞ ቆይቶ በቅርቡ ነው ትንሽ ከፍ ማለት የጀመረው።

እዚህ መስመር ላይ ዕድሜ ጠላት ሆኖ አናገኘውም። ካርል ማሎን በ1985–86 ዩታ ጃዝን ሲቀላቀል ነጻ ውርወራው 48.1 በመቶ ነበር፤ ሁለት ሲወረውር አንዱ እንኳ በአማካይ አይገባም። በ2000–01፣ በ37 ዓመቱ፣ 79.3 በመቶ ደርሶ ነበር። ስቲቭ ናሽ 36ኛ ዓመቱን በያዘበት የውድድር ዘመን 93.8 በመቶ ወረወረ። ዲርክ ኖቪትስኪ በ35 ዓመቱ ከ90 በመቶ ለጥቂት ነው ያነሰው። ስቴፈን ከሪ 37ኛ ዓመቱን በደፈነበት በ2024–25 ሊጉን የመራው ሚለር በመጨረሻ ዓመቱ ባስመዘገበው በዚያው 93.3 በመቶ ነው።

ምክንያቱ በሰውነት አሠራር ውስጥ አለ። ሰው ከሃያዎቹ አጋማሽ በኋላ ቀስ በቀስ የሚያጣው ድንገተኛ ኃይልን ነው፤ ከቆመበት የሚያስፈነጥሩት፣ ከፍ አድርገው የሚያዘልሉት ፈጣን የጡንቻ ክሮች ከዝግተኞቹ ይልቅ ለዕድሜ ይሸነፋሉ። በሺዎች ድግግሞሽ የተቀረጸ የእጅና የአንጓ እንቅስቃሴ ግን በዚያ ኃይል ላይ አይመረኮዝም። አንጎል የያዘው ትእዛዝ ነው፤ በተደጋገመ ቁጥር ይጠራል። የ35 ዓመቱ ተጫዋች ከ22 ዓመቱ ይልቅ በአሥርና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተጨማሪ ውርወራ በእጁ አልፏል፤ ይህም ቢያንስ እስከ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ድረስ ከዕድሜ ጉዳት የሚበልጥ ትርፍ ይሰጠዋል።

ታዲያ ያው እጅ ከሦስት ነጥብ መስመር ላይ ሲቆም ምን ይደርስበታል? የኤን ቢ ኤ መስመር ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር ይርቃል፤ ከማዕዘኖቹ ደግሞ 6.71 ሜትር። ከዚያ ርቀት ኳስን የሚያደርሰው ክንድ ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከወለሉ ይጀምርና በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በወገብ አልፎ ወደ ትከሻ ይወጣል፤ አንጓ የመጨረሻውን አቅጣጫ ይሰጣል። እግር ድርሻውን ካልሰጠ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ኳሱ ያጥራል፣ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መትቶ ይመለሳል፤ የደከመ ሰው ውርወራ በአራተኛው ሩብ ላይ የሚታወቀው በዚህ ነው። ወይም ትከሻው የእግርን ሥራ ልሥራ ብሎ ይገፋና ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ዝቅ ብሎ የሚሄድ ኳስ የሚጠብቀው ቀለበት ሌላ ነው። የቀለበቱ ስፋት 45.7 ሳንቲ ሜትር፣ የኳሱ ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ45 ዲግሪ ለሚወርድ ኳስ የሚታየው ክፍተት 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በ35 ዲግሪ ለሚመጣው ግን 26 ብቻ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚተርፈው። የአንድ ሰው ጉልበት በዓመት ውስጥ በጥቂቱ ሲላላ ቀለበቱ በዚያው ልክ የሚጠብበት በዚህ መንገድ ነው።

ይሁንና ከኃይል ይልቅ የሚበልጠው ቦታ ማግኘት ነው ብዬ አስባለሁ። ተጫዋች ብቻውን ቆሞ ሲወረውርና የተከላካይ ጣት ዓይኑ ሥር ሆኖ ሲወረውር የሚያስገባው አንድ አይሆንም። ወጣቱ በአንድ ፈጣን እርምጃ የሚፈጥረውን ክፍተት አንጋፋው በግማሽ ይፈጥረዋል፤ ተከላካዩ ይደርስበታል። ስለዚህ የሚወረውረው ውርወራ ራሱ ሌላ ውርወራ ይሆናል፤ ይበልጥ የተጣደፈ፣ ይበልጥ የተንጋለለ፣ ከቀለበቱ ይበልጥ የራቀ። ሠንጠረዡ ግን ሁለቱንም አንድ ሙከራ ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ይህን እንደ ማይክል ጆርዳን የሚያስረዳ ተጫዋች የለም። ጆርዳን በ1990–91፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት፣ ከሙከራዎቹ 53.9 በመቶውን አስገባ። ቁመቱ 1.98 ሜትር ለሆነ፣ ከክንፍ ተነስቶ ለሚያጠቃ ሰው ይህ ለማመን የሚከብድ ቁጥር ነው። ምሥጢሩ በአብዛኛው እግሩ ነበር። ተከላካዩን አልፎ ቀለበቱ ሥር ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ወይ ያስገባል ወይ ተመትቶ ነጻ ውርወራ ያገኛል። በ1986–87 በ82 ጨዋታ 972 ነጻ ውርወራ ወርውሯል፤ በአንድ ጨዋታ 12 ገደማ ማለት ነው። ከቤዝቦል ቆይታው በ1995 ሲመለስ 32 ዓመቱ ነበር፤ አጨዋወቱንም ቀይሮ መጣ። ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ በትከሻው አታሎ፣ ወደ ኋላ እየተንጋለለ የሚወረውረው ኳስ ዋና መሣሪያው ሆነ። ውርወራው ሊታገድ የማይችል ነበር፤ ከቀለበቱ ሥር ከሚገባ ኳስ ግን ይከብዳል። በ1997–98፣ በ35 ዓመቱ፣ መቶኛው ወደ 46.5 ወርዶ ነበር። ሊጉን በነጥብ የመራውና ስድስተኛውን ዋንጫ ያነሳው በዚህ መቶኛ ነው።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ፤ በ2001 ደግሞ ለዋሽንግተን ዊዛርድስ ሊጫወት ተመለሰ። በመጀመሪያው ዓመት 41.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 44.5 በመቶ አስገባ። በእውነተኛው የውርወራ መቶኛ ስናየው በ1990–91 60.5 የነበረው በ2001–02 46.8 ሆኗል፤ ሊጉ በዚያ ዓመት 52 ነበር። የዓለም ምርጡ ተጫዋች ከአማካዩ ተጫዋች በታች ሆኖ ተገኘ። ስለ እጁ ግን ነጻ ውርወራውን እንጠይቅ፦ በ2002–03 82.1 በመቶ፤ የሥራ ዘመኑ ሁሉ አማካይ 83.5 ነው። አንድ ነጥብ ከምናምን ልዩነት። እጁ እዚያው ነበር። የተለወጠው ወደ መስመሩ የሚሄድበት ብዛት ነው፤ በዚያ ዓመት በ82ቱም ጨዋታ ተሰልፎ የወረወረው 324 ነጻ ውርወራ ብቻ ነው። 12 የነበረው 4 ሆነ። ቀለበቱ ሥር የማይደርስን ሰው የሚመታው የለም። 40 ዓመት ከሞላው ከአራት ቀን በኋላ፣ የካቲት 21 ቀን 2003 ላይ፣ በኒው ጀርሲ ኔትስ ላይ 43 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በዚያ ዕድሜ 40 ነጥብ ያለፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። እንደዚያ ያለ ምሽት መቻሉን ያሳያል፤ 82ቱ ምሽቶች ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያሉ።

የኮቢ ብራያንት ታሪክ ከዚህ ይጨክናል፤ በእርጅና ላይ ጉዳት ተጨምሮበታልና። ሚያዝያ 12 ቀን 2013 የተረከዝ ጅማቱ ሲበጠስ 34 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዘመን በጨዋታ 27.3 ነጥብ በ46.3 በመቶ እያስቆጠረ ነበር። ጅማቱ ተበጥሶ ወደ ነጻ ውርወራው መስመር ሄዶ ሁለቱንም አስገባ። ብዙዎች ይህን የጀግንነት ታሪክ አድርገው ያነሱታል፤ ነውም። ለእኔ ግን የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ በአንድ ቅጽበት የሚያሳይ ማስረጃ ጭምር ነው፤ እግሩ የተበጠሰ ሰው እጁ ምንም አልሆነም። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ፣ በ2015–16፣ ከሜዳ 35.8 በመቶ፣ ከሦስት ነጥብ 28.5 በመቶ፣ ከነጻ ውርወራ ግን 82.6 በመቶ ነበር። የመጨረሻ ጨዋታው ላይ 60 ነጥብ ያስቆጠረው 50 ጊዜ ሞክሮ፣ 22 አስገብቶ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንዳንድ ሰዎች ነው። «በአጠቃላይ ተጫዋቾች በስንት ዓመታቸው ይወርዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በአንድ ዓመት የሚጫወቱትን የ38 ዓመት ሰዎች አማካይ ወስደን ከ24 ዓመቶቹ ጋር ብናስተያይ ሽማግሌዎቹ ብዙም የማያንሱ፣ አልፎ አልፎም የሚበልጡ ሆነው ልናገኛቸው እንችላለን። ከዚህ ተነስቶ ዕድሜ ውርወራን አይጎዳም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ኤን ቢ ኤ 30 ቡድን፣ እያንዳንዱም 15 ቋሚ ቦታ ብቻ ነው ያለው። በ33 ዓመቱ ውርወራው የወረደ ሰው በ38 ዓመቱ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ቤቱ ነው፤ ወይ ሌላ አገር ይጫወታል። እዚያ የምናያቸው ያልተጎዱት ብቻ ናቸው። የጠፉት ሰዎች ቁጥር አይተዉም፤ ዕድሜን የምናጠና ሰዎች ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ይህ ዝምታ ነው።

የተሻለው መንገድ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው፤ በ31 ዓመቱ የነበረውን በ32 ከሆነው ጋር፣ በ32 የነበረውን ከ33 ጋር፣ እያሉ ልዩነቱን ማጠራቀም። ይህም ቢሆን ሁለት ወጥመድ አለው፤ ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ከባድ ውድቀት የወደቀው ሰው ቀጣይ ዓመት ስለማያገኝ ቁልቁለቱ ከእውነተኛው የለዘበ መስሎ ይታያል። በሌላ በኩል ችሎታው እያለ አንድ ዓመት ዕድል የጠመመበት አንጋፋም ይሰናበታል፤ በቀጣዩ ዓመት ያንሰራራ የነበረው ስለማይመዘገብ ቁልቁለቱ ከእውነተኛው የባሰ ይመስላል።

ዕድል ያልኩት ትንሽ ነገር አይደለም። እውነተኛ ችሎታው 38 በመቶ የሆነ ሰው በዓመት 400 ባለ ሦስት ነጥብ ቢወረውር፣ ምንም ነገር ሳይለወጥበት አንድ ዓመት 36፣ ሌላ ዓመት 40 ቢያሳይ የተለመደ ነው። ሚለርም ይህ ይመለከተዋል። 32.2 ከመውረዱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ38 ዓመቱ፣ 40.1 በመቶ ነበር። በአንድ ዓመት ስምንት ነጥብ የሚወርድ እርጅና የለም፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ኳስ ጠርዝ መትቶ ወደ ውጭ የመውጣቱ ጉዳይ ነው። ሁሉንም በዕድል ማስረዳት ደግሞ ይከብዳል። አንድን ዓመት ይዞ በአንድ ሰው ላይ የእርጅና ፍርድ የሚሰጥ ተንታኝ ሲገጥመኝ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ የሥራው ብዛት። ሻኪል ኦኒል በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ2010–11፣ በ38 ዓመቱ ለቦስተን ሲጫወት ከሙከራዎቹ 66.7 በመቶውን አስገባ። የሥራ ዘመኑ አማካይ 58.2 ነው። ታዲያ በ38 ዓመቱ ተሻሻለ? የተጫወተው 37 ጨዋታ ነው፤ በጨዋታ 9.2 ነጥብ። በሎስ አንጀለስ ዘመኑ ሁለት ሦስት ሰው ተጭኖበት ይወረውር የነበረው ሰው አሁን ጓደኞቹ ያዘጋጁለትን፣ ቀለበቱ ሥር የሚቀበለውን ኳስ ብቻ ነው የሚያስገባው። የስታትስቲክስ ባለሙያው ዲን ኦሊቨር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል፦ አንድ ተጫዋች የቡድኑን የማጥቃት ሸክም በበለጠ በተሸከመ ቁጥር ውጤታማነቱ ይወርዳል፤ ሸክሙ ሲቀልለት ይወጣል። የአንጋፋን መቶኛ ከማመናችን በፊት ምን ያህል ሸክም ላይ እንዳለ ማየት አለብን። ጆርዳን በዋሽንግተን የወደቀው ሸክሙን አላወርድም በማለቱም ጭምር ነው።

ሊጉ ራሱም ይንቀሳቀሳል። ሌብሮን ጄምስ በ2003–04 በ18 ዓመቱ ሲጀምር እውነተኛ የውርወራ መቶኛው 48.8 ነበር፤ ሊጉ 51.6። በ2012–13፣ በ28 ዓመቱ፣ 64.0 ደረሰ፤ ሊጉ 53.5። በ2023–24፣ 39 ዓመት ሞልቶት፣ 63.0 ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የወረደው ልንል ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ሊጉ 58.0 ደርሶ ነበር፤ ሁሉም ቡድን ባለ ሦስት ነጥብ ማብዛት ከጀመረ በኋላ የሁሉም ሰው ቁጥር ከፍ ብሏል። ሌብሮን ከዘመኑ ሰው በ28 ዓመቱ በአሥር ነጥብ ተኩል ይበልጥ ነበር፤ በ39 በአምስት። እርጅናው አለ፤ የሸፈነው የዘመኑ ከፍታ ነው። በ39 ዓመት ከሊጉ በአምስት ነጥብ መብለጥም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁጥሩን በትክክል ማንበብ የሰውየውን ታላቅነት አይቀንስም።

ዕድሜን በብልሃት የተቋቋሙትን ስናይ ግን በጣም የሚያስደስት ነገር ይገጥመናል፤ እነዚህ ሰዎች እግራቸው የማያደርሳቸውን ውርወራ ትተው እግር የማይጠይቀውን ያነሳሉ። ጄሰን ኪድ በ1994–95 ሲጀምር ባለ ሦስት ነጥቡ 27.2 በመቶ ነበር፤ ተከላካዮች ወርውር ብለው ይተዉት ነበር። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኳስ ይዞ ከመሮጥ ይልቅ ኳስ ጠብቆ መወርወርን ተማረ። በ2009–10፣ 37ኛ ዓመቱ ላይ፣ 42.5 በመቶ ደረሰ፤ በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ 38 ዓመቱ ነበር። ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት በጠቅላላ 3 ባለ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያስገባው፤ በዘጠነኛው ዓመት 134 አስገባ። ቪንስ ካርተርም በ2000 በዳንክ ውድድር ዓለምን ያስደነገጠ፣ በዚያው ዓመት በሲድኒ ኦሊምፒክ 2.18 ሜትር በሚረዝመው ፈረንሳዊ አናት ላይ ዘልሎ ኳስ የከተተ ሰው ነው። በ2018–19 ለአትላንታ ሲጫወት 42 ዓመት ሞልቶት ከሦስት ነጥብ መስመር 38.9 በመቶ ያስገባ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 28.8 ነበር።

ሬይ አለን ደግሞ እግሩን ያስጠበቀው በልምምድ ነው። ሰኔ 18 ቀን 2013፣ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ማያሚን ከሽንፈት ያዳነው ባለ ሦስት ነጥብ ሲገባ 37 ዓመቱ ነበር። ድግግሞሹን ስናየው ከውርወራው ይልቅ እርምጃው ይደንቃል። ከቀለበቱ ሥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ መስመሩን ሳያይ፣ ወደ ቀኝ ማዕዘን ሄዶ እግሩን ከመስመሩ ውጭ አሳረፈ፤ ከዚያ ነው ኳሱ የደረሰው። ይህንኑ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ለዓመታት ብቻውን ይለማመደው ነበር። ፈጣን እግር ሲያልቅ ቦታውን የሚያውቅ እግር ሊተካው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ለዕድሜ ያልተበገረው ውርወራ የካሪም አብዱልጀባር ነው። በ1967 የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ዳንክን ከለከለ፤ ብዙዎች እንደሚሉት ክልከላው በዚያ ጊዜ ሊው አልሲንዶር ይባል የነበረውን ይህን ወጣት ለመግታት የወጣ ነው። ኳስን ከላይ መክተት የተከለከለው ልጅ ከቀለበቱ ራቅ ብሎ፣ በጎን ቆሞ፣ አንድ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚወረውረውን ስካይ ሁክ አጠራ። 2.18 ሜትር የሚረዝም ሰው በሙሉ ክንዱ ከላይ ሲለቀው ማንም አይደርስበትም። ደግሞም ውርወራው ፈጣን እርምጃ አይፈልግም፤ ከፍተኛ ዝላይም አይፈልግም። አንድ መዞር፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ የአንጓ እጥፋት ነው። ሊቀጣው የወጣ ሕግ በሃያ ዓመት የኤን ቢ ኤ ቆይታው ከእርጅና የሚጠብቀውን መሣሪያ አስያዘው።

በ1984–85፣ 38ኛ ዓመቱን በያዘበት ዘመን፣ ከሙከራዎቹ 59.9 በመቶውን አስገባ። በዚያ ዓመት የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ቦስተን የካሪምን ቡድን ሌከርስን 148 ለ114 ሲቀጣ እሱ 12 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አበቃለት የማይል አልነበረም። በሁለተኛው ጨዋታ 30 ነጥብ፣ 17 የተመለሰ ኳስና 8 ለግብ የበቃ ማቀበል አስመዘገበ፤ ሌከርስ ዋንጫውን ሲያነሳም የፍጻሜው ኮከብ እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ 56.4፣ እንደገና 56.4፣ ከዚያ 53.2 እያለ ነው የወረደው። በመጨረሻ በ1988–89፣ በ41 ዓመቱ፣ 47.5 ላይ ደረሰ፤ በጨዋታ 10.1 ነጥብ። ያኔ ስካይ ሁኩን እንኳ የሚወረውርበትን ቦታ ወጣት ተከላካዮች በትከሻቸው ገፍተው ያሳጡት ነበር፤ ከለመደው አንድ ሁለት ሜትር እየራቀ ነበር የሚቀበለው። በዚያው ዓመት ነጻ ውርወራው 73.9 በመቶ ነበር። የሃያ ዓመት አማካዩ 72.1፣ ጀማሪ ሆኖ በ22 ዓመቱ ያስመዘገበው ደግሞ 65.3 ነው።